ስድስተኛው ድምፅ ማጉያ

ፔድራ ራሻዳ ኮረብታ፣ ሪዮ
ፌብሩዋሪ 4

ለውድ ወንድሜ ለዳጎቤርቶ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ቅዱስ ጊዮርጊስ ከነፈረሱ ደጅህ ላይ ይቁምልህ። እኛ በሕይወት አለን። እናትህ፣ አክስቴ ዙልሚራም፣ ደህና ናት፤ ጉልበቷን ያማታል፣ ምላሷን ግን ምንም አላመማት።

ይህን የምጽፍልህ ከምሠራበት ማተሚያ ቤት ኮምፒውተር ነው። በስልኬ ምንም እንዳትልክ። ኮረብታው መግቢያ ላይ የላይኛው ሰፈር ታጣቂዎች ስልክ ይፈትሻሉ፤ ያንተ ስም ያለበትን ካገኙማ አለቀልኝ። ማጉያ ስለሰቀልክ ብቻ ጠቋሚ ነው ብለው ካሳደዱህ ይኸው ዘጠኝ ዓመት ሞላህ፣ እነሱ ግን አልረሱህም።

ባለፈው ሐሙስ ዳቦ ጋጋሪው ዴርሲዮ ተገደለ። የታች ሰፈር ታጣቂዎች ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መጥተው ተኩስ ከፈቱ። ኮረብታችን ስሙን ያገኘበትን ይህን የተሰነጠቀ ድንጋይ ታውቀዋለህ፤ ድምፅ ይወረውራል። ሁለተኛው ቅያስ ውስጥ የተተኮሰው ከአምስተኛው የመጣ ይመስላል። ዴርሲዮ ከጥይት የሸሸ መስሎት ወደ ጥይት ሮጠ። አንገቱን መቱት። ዳቦው ደረጃው ላይ ተበትኖ ደም ሲጠጣ በየመስኮታችን ቆመን አየን፤ እስከ ከሰዓት ድረስ ሬሳውን ሊያነሳ የደፈረ ሰው አልነበረም። ንድድ ብሎኛል ዳጎ። ለቅሶዬ አልቆ አሁን የሚያምረኝ ሰው መንከስ ነው።

ስለዚህ ስማኝ። የሰቀልካቸው ስድስቱ ድምፅ ማጉያዎች ዛሬም ይሠራሉ። ለየቅያሱ አንድ፣ ሁሉም በተቀዳው የእናትህ ድምፅ፦ «ልጆቼ፣ መሬት! መሬት!» ችግሩ ቁልፉን የሚጫነው ሰው መሆኑ ነው። የሰፈሩ ሬዲዮ ቤት ውስጥ ቁጭ ብዬ ተኩሱ የት እንደሆነ በምን አውቃለሁ? አሁን ግን ተማሪዎች መጥተው በየቅያሱ ማይክሮፎን ሰቀሉልን፤ ተኩስ ሲሰማ የትኛው ቅያስ እንደሆነ ለይቶ የሚናገር ፕሮግራምም ሠሩልን። እሱ የተጻፈው ፓይተን በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ነው፤ ያንተ ማጉያዎች ደግሞ የሚታዘዙት ሉዋ በሚባለው ነው። አንዱ ያውቃል ግን አይጮኽም፣ ሌላው ይጮኻል ግን አያውቅም። ሁለቱን ቋንቋዎች የሚያገናኝ ላይብረሪ የሚሉትን የፕሮግራም ክፍል ጽፈሃል ሲሉ ሰማሁ። ላክልን።

ደንቡን ለሰው ሁሉ ነግረናል፦ ማጉያው የጮኸበት ቅያስ መሬት ይተኛል፣ ዝም ያለበት ቅያስ ሰላም ነው፣ ወደዚያ መሸሽ ይቻላል።

እናትህን ከስድስተኛው ቅያስ መነቅነቅ አልተቻለም። «ልጄ ጋ ፖርቱጋል፣ ፖርቶ ሄጄ በብርድ ልሙት? እዚሁ በለመድኩት እሞታለሁ» ትላለች።

እህትህ ቫንደርሌያ


ፖርቶ
ፌብሩዋሪ 11

ለምወድሽ እህቴ ለቫንደርሌያ፣

እግዚአብሔር ጥላ ከለላ ይሁንሽ። እኔ ደህና ነኝ፣ ሥራም አለኝ፣ ዝናቡም አለ። ዴርሲዮ ልጅ እያለሁ ያረረውን ዳቦ በነፃ ይሰጠኝ ነበር። ደብዳቤሽን አንብቤ ቢሮው መጸዳጃ ቤት ገብቼ ግድግዳውን በቡጢ መታሁት። ግድግዳው ምንም አልሆነም።

ላይብረሪውን አያይዤልሻለሁ። እኔ ድልድይ እለዋለሁ። የፓይተኑ ፕሮግራም ቁጥሩን ይሰጠዋል፣ ድልድዩ ያሻግረዋል፣ ሉዋ ተቀብላ ማጉያውን ታዛለች። ሉዋ እዚያው ሪዮ የተወለደች ቋንቋ ስለሆነች ከእንግዳ ጋር ስታወራ ትንሽ ትኮራለች፤ መጫኑ ካስቸገረሽ የሚጽፈውን ስህተት ሳታሳጥሪ ገልብጠሽ ላኪልኝ።

ዋናው ሙከራው ነው። ለአንድ ቀን ርችትንም እንደ ተኩስ እንዲቆጥር አድርጉትና በየቅያሱ፣ በየተራ፣ አንድ አንድ ርችት ተኩሱ። አንደኛው ቅያስ ሲተኮስ አንደኛው ብቻ ይጩህ፣ ሁለተኛው ሲተኮስ ሁለተኛው ብቻ፣ እንዲህ እያላችሁ እስከ ስድስት። አደራ፣ ባንድ ላይ እንዳትተኩሱ። በእናቴ ይዤሻለሁ።

እናቴን ደግሞ ጠይቂልኝ። ለጁን ትኬት ልቁረጥላት?

ወንድምሽ ዳጎ


ፔድራ ራሻዳ
ማርች 3

ለውድ ወንድሜ፣

ጤና ይስጥልኝ፣ ጊዮርጊስ አይለይህ። መልሴ ስለዘገየ አትቆጣ፤ ሁለት ሳምንት አፌም እጄም አልታዘዝ ብለውኝ ነበር።

መጀመሪያ መጫኑን ላውራህ። የጫንኩት ቀን «የሉዋ እትም አልተገኘም» አለኝ። ማጉያዎቹ የሚሠሩት በአሮጌው እትም፣ ድልድይህ የሚፈልገው አዲሱን። አዲሱን ስጭን ማጉያዎቹ ዲዳ ሆኑ፤ አሮጌውን ስመልስ ድልድዩ ዲዳ ሆነ። ሁለት ቀን እንደ ባልና ሚስት ሳስታርቃቸው ከረምኩ። በመጨረሻ ድልድይህን እንዳለ አፍርሼ በአሮጌው እትም ላይ እንደገና ገነባሁትና እሺ አለ። «ሰላም» ብዬ ከፓይተን ላክሁ፣ ሉዋ «ሰላም» ብላ መለሰች። ብቻዬን ቆሜ ጨፈርኩ።

በሦስተኛው ቀን ቴሶራ መጣ። ያኔ ያሳደደህ ቴሶራ፣ አሁን የላይኛው ሰፈር ታጣቂዎች አለቃ ነው። ሁለት ባለጠመንጃ አስከትሎ ሬዲዮ ቤቱን በርግዶ ገባ።

«ይሄ ማይክ የሚያዳምጠው ለማን ነው?»

«ጥይት ነው የሚያዳምጠው።»

«እኔ ሳወራስ?»

«አንተ መች ታወራለህ? ጠመንጃህ ነው የሚያወራልህ!»

ይቺ ምላሴ! በሰደፍ አፌን አለኝና ሁለት የፊት ጥርሴ ወለሉ ላይ ወደቀ። ስወድቅ ጣቴን በቦቲ ረገጠው፣ ከዚያ አፈሙዙን አፌ ውስጥ ከተተና «ለማን?» አለ ደግሞ። አፍ በብረት ተሞልቶ እንዴት ይመለሳል? ደሜን እየዋጥኩ ዓይኑን ዓይኑን አየሁት። የብረቱ ጣዕም ዛሬም ምላሴ ላይ አለ።

ያዳነችኝ እናትህ ናት። መጥረጊያ ይዛ ደረጃውን ወጣች፣ በዚያ ጉልበቷ!

«ቴሶራ! እናትህ ሥራ ስትውል ቂጥህን ያጠብኩህ እኔ ነኝ! ልቀቃት አለዚያ በዚህ መጥረጊያ ዛሬም አጥብሃለሁ!»

ባለጠመንጃዎቹ ሳቃቸውን ማፈን አቃታቸው። እሱም ሳቀና አፈሙዙን ከአፌ አወጣልኝ። ማይክሮፎኖቹ ይቆዩ አለ። አንድ ነገር ግን ከለከለ፣ አንተም አትረሳውም፦ እዚህ ኮረብታ ላይ አንዲት ብቸኛ ርችት ማለት «ጠላት ገባ» ማለት ናት። «አንዲት ርችት ብሰማ» አለኝ፣ «የተተኮሰችበትን ቤት ከነሰዉ አነደዋለሁ።»

ስለዚህ በየተራ መሞከር አይቻልም። ርችት ነፃ የሚሆነው በኳስ ቀን ብቻ ነው። ማርች 29 እሑድ ፍላሜንጎና ቫስኮ ለዋንጫ ይጫወታሉ፤ ያን ቀን ኮረብታው በሙሉ ይተኩሳል፣ ቴሶራም ራሱ ይተኩሳል። ያኔ እንሞክረው።

ጥርስ አልባዋ እህትህ ቫንዳ


ፖርቶ
ማርች 10

ለእህቴ ለቫንዳ፣

አምላክ ቁስልሽን ይጠግን፣ የመታሽን እጅ ይስበር። አሜን በይ።

ባንድ ላይ መተኮሱን አልወደድኩትም። ግን ጥርሱ ከረገፈ አፍ ጋር አልከራከርም። እንግዲያው ጨዋታው እንዳለቀ ስድስቱም ቅያስ ይተኩስ፤ ስድስቱም ማጉያ መጮሁን ቁጠሩ።

የስድስተኛው ቅያስ ሰዎች፣ እናቴና መሰሎቿ፣ ሁሉም የቫስኮ ደጋፊዎች መሆናቸውን አውቃለሁ። ቫስኮ ከተሸነፈ እንኳን ርችት ክብሪትም አይጭሩም። ለእናቴ ንገሪልኝ፦ ማንም ያሸንፍ ማን ትተኩስልኝ። ለቡድን አይደለም፣ ለእኔ ብላ። ከዘጠኝ ዓመት ወዲህ የለመንኳት ነገር ይሄ ብቻ ነው።

ትኬቱን ቆርጫለሁ። ጁን 12።

ዳጎ


ፔድራ ራሻዳ
ኤፕሪል 6

ለውድ ወንድሜ ለዳጎ፣

እንኳን ደስ አለን! ጊዮርጊስ ይመስገን፣ ድልድይህ ይሠራል!

ፍላሜንጎ ሁለት ለባዶ አሸነፈ። ዳኛው ፊሽካ ሲነፋ ኮረብታው ፈነዳ። ሰማዩ ጭስ ብቻ ሆነ፣ ውሾች አልጋ ሥር ገቡ። በዚያ መሃል የእናትህ ድምፅ ከአንደኛው ጮኸ፣ ከሁለተኛው፣ ከሦስተኛው፣ ከአራተኛው፣ ከአምስተኛው! ሬዲዮ ቤት ተቃቅፈን አለቀስን። ስድስተኛው ጭጭ። «አየሽ፣ ማጉያው ራሱ የቫስኮ ደጋፊ ነው!» አለ አንዱ። በሳቅ ሞትን።

ማግስቱን እናትህ ጋ ሄድኩ። መስኮቷን ዘግታ ተቀምጣለች፣ ጣቷ ላይ ጨርቅ ጠምጥማለች፤ ድስት አቃጠለኝ አለች።

«አክስቴ፣ ልጅሽ እኮ ለምኖሽ ነበር!»

«ለፍላሜንጎ ርችት? እጄ ይቆረጥ!»

«ለልጅሽ ነው እንጂ ለፍላሜንጎ መች ሆነ?»

«ሂጂልኝ ከዚህ፣ ጥርስ አልባ!»

አትቀየማት፣ ሽንፈቱ ገና አልወጣላትም።

ረቡዕ ዕለት እውነተኛ ተኩስ ነበር፣ አጭር። ሦስተኛው ማጉያ ጮኸ፣ ሦስተኛው ቅያስ በሙሉ ተኛ፣ ሰው አልተጎዳም። ጥይቱ ያረፈው አራተኛው ቅያስ ያለ የውሃ ታንከር ላይ ነው፤ አራት ቦታ ተበሳስቶ ውሃው ደረጃውን አጥለቀለቀው። ነጥሮ ይሆናል። እንዴት ይመስልሃል?

ቫንዳ


ፖርቶ
ኤፕሪል 8

ለእህቴ፣

እግዚአብሔር ደስታሽን ያብዛልሽ። ደብዳቤሽን ለሥራ ባልደረቦቼ አነበብኩላቸው። ስለ ቫስኮዋ ማጉያ ስነግራቸው እነሱም በሳቅ ወደቁ። እናቴን በርችትም ተሸነፍሽ በያት።

ታንከሩን የመታው የነጠረ ጥይት ነው፤ ድንጋዩ ድምፅ ከወረወረ ጥይት መወርወር አያቅተውም። ይህን ሳምንት ሥራ በዝቶብኛል፣ በሚቀጥለው በሰፊው እጽፍልሻለሁ።

ዳጎ


ፔድራ ራሻዳ
ኤፕሪል 15

ዳጎቤርቶ፣

ሰላምታ የለኝም። እናትህ ሞታለች። ሰኞ ሞተች፣ ትናንት ቀበርናት። ከማተሚያ ቤቱ ስልክ ሦስት ጊዜ ቁጥርህን ጀምሬ ዘጋሁት።

የሆነውን ልንገርህ፣ አንተም መልስ ስጠኝ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነበር። ተኩስ ተጀመረ፣ ከየት እንደሆነ እንደ ልማዱ አይታወቅም። እኔ ሬዲዮ ቤት ነበርኩ። ስክሪኑ ላይ «5» የሚል ቁጥር ወጣ፣ አምስተኛው ማጉያ ጮኸ። ሁሉም ነገር ትክክል ነው ብዬ ደስ አለኝ። ደስ አለኝ እኮ ነው የምልህ!

አምስተኛው ቅያስ ሰው መሬት ተኛ። ስድስተኛው ዝም። እናትህ የራሷ ቅያስ ሰላም መስሏት በሯን ከፈተችና ከአምስተኛው ሰው መጥራት ጀመረች። ሁለት ዙልሚራ በአንድ ጊዜ ተሰማ፦ አንዷ ከማጉያው «መሬት! መሬት!» ትላለች፣ ሌላዋ ከበሯ ላይ «ወደ እኔ ኑ! እዚህ ሰላም ነው!» ትላለች። ሰዉ በሕይወት ያለችውን አመነ። ተነስተው ወደ ስድስተኛው ሮጡ።

የታች ሰፈር ታጣቂዎች ስድስተኛው ቅያስ ውስጥ ነበሩ። ሲሽሎኮለኩ የነበሩት እዚያው ነው፣ ሲተኩሱ የነበሩትም ከዚያው። ሰው ሲሮጥባቸው ጊዜ ጥይት ለቀቁበት። የአንዱ ጭን ተቀደደ፣ የሌላው ትከሻ ተሰባበረ። እናትህ ጎረቤቷን ኢራሴማን በክንዷ ጎትታ ወደ ቤት አስገባቻት፣ በሩን ልትዘጋ ዘወር ስትል ደረቷ ላይ ሦስት ጊዜ መቷት። ስደርስ ጫማዬ ደሟ ውስጥ ተንሸራተተ። በሩን ነቅለን፣ እዚያው በር ላይ አስተኝተን አወረድናት። መንገድ ላይ «ማጉያው ለምን አልጠራኝም?» አለች። ከዚያ በኋላ አልተናገረችም።

በቫስኮ ባንዲራ ጠቅልለን ቀበርናት። አንተ እንዳትመጣ። ቴሶራ መቃብሩ ድረስ ሰው አስቀምጧል።

አሁን መልስልኝ። ማጉያው ለምን አልጠራትም?

ቫንደርሌያ


ፖርቶ
ኤፕሪል 16

ቫንዳ፣

ስክሪኑ «5» አለ አልሽኝ። ደብዳቤሽን እስከዚያ ድረስ ነው በትክክል ያነበብኩት።

ፓይተን መቁጠር የሚጀምረው ከዜሮ ነው። ሉዋ የምትጀምረው ከአንድ ነው። የመጀመሪያው ቅያስ ለፓይተን ዜሮ ነው፣ ስድስተኛው ደግሞ አምስት። ድልድዬ ቁጥሩን እንዳለ አሻገረው። መሻገሪያው ላይ አንድ መደመር ነበረበት፣ አልደመርኩም። አንድ! ይህን ከአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ለጀማሪዎች የማስተምረው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው። የአንደኛው ቅያስ ተኩስ ማንንም አይጠራም፣ የሁለተኛው አንደኛውን ይጠራል፣ የአራተኛው ሦስተኛውን። ታንከሩን አስታወስሽ? ነግረሽኝ ነበር፣ እኔ ድንጋዩ ላይ አላከክሁ። የስድስተኛው ተኩስ አምስተኛውን ይጠራል። ስድስተኛውን የሚጠራ ቁጥር ግን በፕሮግራሙ ውስጥ ፈጽሞ አልነበረም።

እናቴን የገደልኳት እኔ ነኝ። ታጣቂዎቹ ተኮሱ፣ በሩን ያስከፈትኳት ግን እኔ ነኝ። ከትናንት ጀምሮ እጄን አያለሁ፣ ልቆርጠው ያምረኛል።

አንድ ነገር ደግሞ አልዋጥልህ ብሎኛል፣ ይቅር በይኝ፣ ለሌላ ሰው አልናገረውም። እሷም አልተኮሰችም። ለምኛት ነበር። ያን እሑድ አንዲት ርችት ተኩሳ ማጉያዋ ዝም ብሎ ቢሆን ኖሮ ስህተቱን በዚያው ሰዓት እናውቀው ነበር። ለቡድኗ ብላ ልጇን እምቢ አለችው። ሞታ እንኳን ተናድጄባታለሁ።

የተስተካከለውን ድልድይ አያይዤልሻለሁ። የተጨመረው አንድ ፊደል አይሞላም። ጫኚው ወይም በእሳት አቃጥይው።

ዳጎቤርቶ


ፔድራ ራሻዳ
ኤፕሪል 23፣ የጊዮርጊስ ዕለት

ለወንድሜ ለዳጎ፣

ጊዮርጊስ ያጽናህ። ዛሬ ሰላምታ አለኝ።

ደብዳቤህን ካነበብኩ በኋላ ሁለት ቀን ጠላሁህ፤ ፊት ለፊቴ ብትሆን ኖሮ የቀሩትን ጥርሶቼን ትከሻህ ላይ ነበር የምሰብራቸው። በሦስተኛው ቀን ራሴንም ጨመርኩበት። ስድስተኛው ዝም ሲል ከሁሉ በላይ የሳቅሁት እኔ ነኝ።

ከቀብሩ ወዲህ ኢራሴማ አንድ ቃል አልተናገረችም ነበር። ትናንት ያንተን ቁጣ ነገርኳት፣ «እናቴ አልተኮሰችም» ብሎ ተቀይሟል አልኳት። ብድግ አለችና እጄን ይዛ የእናትህ ጣሪያ ላይ አወጣችኝ። የውሃ ገንዳው ጀርባ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ካርቶን አለ። አሥራ ሁለት ርችት የሚይዝ ነው። ዘጠኙ እንዳሉ ናቸው፣ ሦስቱ ቀፎ ብቻ ቀርተዋል፣ ተቃጥለዋል።

«ያን እሑድ ነው» አለች ኢራሴማ። «እኔ ነኝ ክብሪት የያዝኩላት። ሁለቱን ተኩሳ ‹ሰማ ይሆን?› አለችኝ። ማጉያው ዝም ሲል ‹ርችቱ አንሶ ይሆናል› ብላ ሦስተኛውን ስትለኩስ ጣቷን ጠበሳት። ከዚያ ‹ለፍላሜንጎ ድል ተኮሰች ብለው ሰፈሩ ይስቅብኛል፣ እንዳታወሪ› ብላ በጊዮርጊስ አስማለችኝ።»

ተኩሳልህ ነበር ዳጎ፤ ያን እሑድ አምስተኛው ማጉያ የጮኸው በእሷ ርችት ነው። ለአንተ ብላ ለፍላሜንጎ ተኮሰች። እኛ እልኸኛ ናት ብለን ሳቅን፣ እኔም የተቃጠለ ጣቷን ዓይኔ እያየ ድስት ነው አልኩ። ብቻህን አትሸከመው፤ አንዱ ጫፍ የእኔ ነው።

ከዚያ በቀጥታ ቴሶራ ጋ ወጣሁ። «ስድስት ርችት፣ በየተራ፣ አንድ አንድ» አልኩት በዚህ ጥርስ አልባ አፌ። የሞተችው በልጅነቱ ያጠበችው ሴት እኮ ናት። ፊቴን ሳያይ «ነገ የጊዮርጊስ ነው፣ ተኩሺ» አለ።

አዲሱን ድልድይ ጫንኩት። ዛሬ እኩለ ቀን ላይ ጀመርን። አንደኛው ላይ ተኮስን፣ አንደኛው ብቻ ጮኸ። ሁለተኛው ላይ፣ ሁለተኛው ብቻ። አንድም ሰው አልሳቀም። ለስድስተኛው ከእናትህ ካርቶን አንዱን አወጣሁ፣ ኢራሴማ ክብሪቱን ያዘችልኝ። ርችቱ ወጣ፣ ፈነዳ፣ ከጣሪያዋ ሥር ያለው ማጉያ አፉን ከፈተ፦

«ልጆቼ፣ መሬት! መሬት!»

ሙከራ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ኢራሴማ ግን ተኛች። ከዚያ አሮጊት ሽማግሌው፣ የቫስኮ ሹራብ የለበሰው ሁሉ፣ ቅያሱ በሙሉ ደረጃው ላይ ተኛ። እኔም ተኛሁ፣ እስክትጨርስ ድረስ።

እህትህ ቫንዳ